ብሩ ይገባዋል ወይ? የእማዬ የልብ ክሊኒክ

ሽሮና በርበሬ ልትገዛ የመጣች ደንበኛ ሁሉ እማዬ ስለምትታከምበት የልብ ክሊኒክ ትጠይቀኛለች። ጥሩ ነው? ውድ ነው? እናቴን ልውሰዳት? ለእያንዳንዷ ቆሜ ሳስረዳ የወፍጮ ተራዬ እያለፈኝ ተቸገርኩ። ስለዚህ ይኸው፣ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መልሱን ላስቀድም። ጥሩ ነው። ውድ ነው። የክፍያ መስኮቱ ደም ያፈላል። ቢሆንም እማዬን ከዚያ አላነሳትም። ምክንያቴ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ማሽኑ አይደለም። የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ማሽን አዲስ አበባ ውስጥ ሌላም ቦታ ሞልቷል። እኔ ብሩን የምከፍለው ከምርመራው በኋላ ላለው ነገር ነው። ለሚዛኑ፣ ለደብተሩ፣ ለሲስተሯ፣ ለስልኩ።

ስሙን አልጠራም። አንደኛ ማስታወቂያ እየሠራሁላቸው አይደለም። ሁለተኛ ወደ ታች የማማርርባቸው ነገሮች አሉ፤ ነገ ደግሞ እዚያው መስኮት ሄጄ መቆሜ አይቀርም።

እማዬ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ደም ግፊት እንዳለባት ካወቅን ቆይቷል። ክኒኑን ግን ራሷን ሲያማት ትውጠዋለች፣ ሲሻላት ትተወዋለች። አብዛኞቹ እናቶቻችን እንደዚያ ናቸው። ከዚያ ሳል ጀመራት። ማታ ማታ ነው የሚብስባት። ጋደም ስትል ያጣድፋታል፣ ቁጭ ስትል ይተዋታል። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ብሮንካይት ነው ብለው አንቲባዮቲክ ሰጧት። አልተዋትም። ሌላ አንቲባዮቲክ። ቀጥሎ አስም ሊሆን ይችላል ተባለና በአፍ የሚነፋ ታዘዘላት። እግሯ ሲያብጥ ኩላሊት ነው አሉን። ኩላሊቷ ተመርምሮ ደህና ሆነ። ጉልበቴን አመመኝ ስትል ደግሞ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ወጓት። በሳምንቱ እብጠቱ ከቁርጭምጭሚት አልፎ ጉልበቷ ደረሰ።

ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ኩላሊት ጨውና ውሃ ይዞ እንዲያስቀር ያደርጋሉ። ልቡ ለደከመ ሰው ይሄ ትልቅ ጣጣ ነው። ይህን የነገረችኝ በኋላ ሲስተሯ ናት። ቤታችሁ የልብ ሕመምተኛ ካለ፣ እነዚህን ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ። ጉልበት ካመመ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሌላ የማስታገሻ መንገድ አለ።

አሁን ወዳለንበት ክሊኒክ ልምጣ። ዶክተሩ ወጣት ነው። ገና ከመቀመጣችን ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወሬ ጀመረ።

«እማማ፣ ስንት ትራስ ነው የሚደገፉት?»

«ሦስት ነበር ልጄ። አሁንማ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው።»

«ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት ይነሳሉ?»

«መስኮት ከፍቼ እቆማለሁ።»

እኔ አጠገቧ የምተኛው ልጇ፣ መስኮት እንደምትከፍት አላውቅም ነበር። ሰው ሳይጠየቅ የማይናገረው ስንት ነገር አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንዞር ስለ ትራስ የጠየቀን አልነበረም። ብር የማያስወጣ ምርመራ ነው እኮ፤ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር፣ ሌሊት ታፍኖ መንቃት፣ እግር ማበጥ፣ ዳገት ላይ ቶሎ መድከም። እነዚህ አንድ ላይ ከመጡ ልብን ነው መጠርጠር ያለበት።

ከዚያ አልጋው ላይ ጀርባዋን ቀና አድርጎ አስተኛትና የአንገቷን ደም ሥር ረጅም ጊዜ አየ። የቅልጥሟን ፊት በጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ የገባበት እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ጉበቷን ዳሰሰ። ሳንባዋን ከኋላ አዳመጠ። እኔ በሆዴ ‘ይሄ ሁሉ ለካ በእጅ ይታወቃል’ እያልኩ ነው።

ምርመራዎቹ ተዘርዝረው ተሰጡን። ኢሲጂ (የልብ ምት የሚነበብበት)፣ የደረት ራጅ፣ ደም። ደሙ ላይ ኩላሊት፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ስኳር፣ የደም ማነስ፣ ታይሮይድ። ታይሮይድ ምን ሊያደርግ ብዬ ነበር፤ እሱም ቢሆን ልብን ማድከም ይችላል አለኝ። የደም ማነስም እንደዚያው።

ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። በስልክ «ቢኤንፒ ተሠራላት?» ብላ ያዘችኝ። እዚያ ድንገተኛ ክፍል ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ ለገባ ሰው ቶሎ የሚሠሩት የደም ምርመራ ነው። ልብ ሲወጠር ወደ ደም የሚለቀውን ነገር ይለካል። ዶክተሩን ጠየቅኩት። ዋና ጥቅሙ ልብ አለመሆኑን ማወቂያ ነው አለኝ። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባለው ዓይነት፣ ድንገተኛ ላልሆነ ታካሚ፣ ከ125 በታች ከሆነ የልብ ድካም የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። «እማማ ግን ምልክቱ ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል፣ ኢኮውም ዛሬውኑ ይሠራል። ብራችሁን ለመድኃኒት ያዙት» አለ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የረጋው። የግል ክሊኒክ ሆኖ ‘ይሄን አትሠሩ’ የሚል ሐኪም በየቀኑ አይገጥምም።

ኢኮ ለማያውቀው፣ ነፍሰ ጡር የምትታይበት አልትራሳውንድ ዓይነት ነው። አያምም። በግራ ጎን ያስተኛሉ፣ ደረት ላይ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባሉ፣ ስክሪኑ ላይ ልብ ሲኮማተርና ሲላቀቅ ይታያል። ግድግዳው መወፈሩን፣ በሮቹ ማፍሰስ አለማፍሰሳቸውን፣ ልብ ዙሪያ ውሃ መኖሩን ያያሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ጄሉ ይቀዘቅዛል፣ መጥረጊያው ደግሞ ቁርጥራጭ ሶፍት ነው፤ ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ።

ውጤቱ ላይ ትልቁ ቁጥር የልብ የመግፋት አቅም ነው። የእማዬ 30 በመቶ ሆነ።

«ከመቶ ሠላሳ? ወደቅኩ በለኛ!» አለች።

ዶክተሩ ሳቀ። «የጤነኛም ሰው መቶ አይደፍንም እማማ።» ልብ አንዴ ሲኮማተር የያዘውን ደም ሁሉ አያወጣም። ጤነኛ ልብ ከ55 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ነው የሚገፋው። 40ና ከዚያ በታች ከሆነ ጡንቻው ደክሟል ይባላል። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖም የልብ ድካም የሚኖርባቸው አሉ፤ እነሱ ጋ ልብ መግፋት አላቃተውም፤ ደርቆ፣ ላልቶ ደም መሙላት ነው ያቃተው። የእማዬ መነሻው ለዓመታት ያልተያዘው ደም ግፊት ነው ተባለ። ያ ሲሻላት የምትተወው ክኒን።

መድኃኒቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ግራ የሚጋባውም የሚያቋርጠውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ላዚክስ ተሰጣት። ውሃ የሚያስወጣው ነው። በጥቂት ቀን እግሯ ጎደለ፣ ጋደም ብላ ተኛች። በእሷ ቤት ዳነች ማለት ነው። ዶክተሩ ግን ይሄ ትንፋሽ መመለሻ ነው እንጂ ሕክምናው ገና አልተጀመረም አለ። ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎል፣ ስፓይሮኖላክቶንና ዳፓግሊፍሎዚን። ዕድሜ የሚያስረዝሙት እነዚህ ናቸው። ክፋቱ ስትውጫቸው ምንም ለውጥ አይሰማሽም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ሊያደክሙ ይችላሉ።

ከዳፓግሊፍሎዚን በቀር በትንሹ ነው የሚጀመሩት። ካርቬዲሎል ከ3.125 ሚሊግራም ተነስቶ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየታየ፣ ሰውየው ከቻለው ይጨመራል። እብጠቱ ሳይጎድል ደግሞ አያስጀምሩትም፤ ልብን ስለሚያረጋጋ መጀመሪያ ላይ ሊያባብስ ይችላል። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ደረቅ ሳል ያስይዘዋል። እማዬን አልያዛትም፤ ቢይዛት ወደ ሌላ ይቀየርላት ነበር። ስፓይሮኖላክቶን አሮጌና ርካሽ ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ትልቅ ጥናት ከባድ የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ሞት በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ነገር ግን ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ በጀመረች በሳምንቱ ለምርመራ ደም ሰጠች፣ ከዚያም በየጊዜው ትሰጣለች። ይህን ደም ‘ምን ያደርጋል፣ ተሽሏት የለ’ ብላችሁ አትዝለሉት። ፖታሲየም በጣም ከፍ ካለ ልብን ሊያቆም ይችላል።

ዳፓግሊፍሎዚን ሰፈር ውስጥ ወሬ አስነሳብን። ለስኳር የተሠራ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ስኳር ለሌለባቸውም የልብ ሕመምተኞች እንደሚጠቅም አሳየና አሁን ለሁለቱም ይታዘዛል። ጎረቤታችን የፋርማሲ ሠራተኛ ዘመድ አላት። ክኒኑን አይታ «እትዬ፣ ስኳርም ይዞዎታል እንዴ?» አለች። በነጋታው እማዬ ስኳር እንዳለባት ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ቡና ላይ ስኳር የሚያቀርብላት ጠፋ። እማዬ ሦስት ማንኪያ ነው የምትጠጣው፤ አሁን ከቤት ይዛ ትሄዳለች። ይሄ መድኃኒት ስኳርን በሽንት ስለሚያስወጣ ብልት አካባቢ ማሳከክ ሊያመጣ ይችላል፤ ንጽሕና ይፈልጋል። ሲስተሯ ይህን ለእማዬ የነገረቻት እኔን አስወጥታ ነው። ያችን ያህል አስተዋይ ናት። እማዬ እኔ እያለሁ ቢሆን ‘የለም፣ ደህና ነኝ’ ብላ ትዘጋው ነበር።

የዋጋውን ነገር አልደብቅም። ኢናላፕሪሉና ስፓይሮኖላክቶኑ አይጎዱም። ዳፓግሊፍሎዚኑ ይጎዳል፤ አንዳንዴም አምስት ፋርማሲ ዞረሽ ታጪዋለሽ። የጤና መድን ደብተራችን እዚህ አይሠራም። ኢኮውም ኪስ ያራግፋል። መንግሥት ሆስፒታል በብዙ ይረክሳል፣ ጎበዝ ሐኪሞችም እዚያ አሉ፤ ወረፋውን የምትችሉ ሂዱ። እኛ ጋ የማየው ብዙ ሰው ኢኮውን እዚህ ያሠራና ክትትሉን ወደ መንግሥት ይወስዳል። ሞኝነት አይደለም።

አሁን ብሩ ይገባዋል ወዳልኩት ነገር መጣሁ። ሲስተሯ።

ዶክተሩን ከማየቷ በፊት እማዬ ሲስተሯ ጋ ትገባለች። ጫማ አውልቃ ትመዘናለች። ደብተሯ ይታያል። ደብተር የምለው ተራ የልጆች ደብተር ነው፤ በአንድ በኩል ቀን፣ በሌላው ኪሎ፣ በሦስተኛው ግፊት። ጠዋት ከመጸዳጃ መልስ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ትመዘናለች። እማዬ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቁጥሩን ራሷ ነው የምትጽፈው፤ እኔ ልጻፍልሽ ብላት ትቆጣለች። ደንቡ እንዲህ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረች ቀጠሮ አትጠብቅም፣ ትደውላለች። ስብ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ አይጨምርም። ውሃ ነው የሚጨምረው፤ እግር ላይ ሳይታይ፣ ትንፋሽ ሳያጥር በፊት ሚዛኑ ያውቀዋል።

ሚዛን የገዛሁት መርካቶ ነው፤ ዲጂታል፣ መስታወት ያለው። መጀመሪያ የገዛሁት ባለ መርፌው በወጣሽበት ቁጥር ሌላ ኪሎ ይናገራል፤ አትግዙት። ምንጣፍ ላይም አታስቀምጡት፣ ሊሾ ላይ ይሁን። የግፊት መለኪያ ደግሞ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ውሰዱ። የእጅ አንጓው ያምራል፣ ቁጥሩ ግን ይዋዥቃል።

ቀጥሎ ጨው። ሌሎች ክሊኒኮች ‘ጨው ቀንሱ’ ይላሉ፣ በቃ። ሲስተሯ ግን ምን እንደምንበላ አንድ በአንድ ጠየቀች። እኔ የባልትና ሰው ነኝ። ጨው የት እንደሚደበቅ ካወቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በርበሬ ሲፈጭ ጨው ይገባበታል። ሽሮ ሲፈጭ ይገባበታል። ሚጥሚጣማ ተዪው። አዋዜ ላይ አለ። ከዚያ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ‘ትንሽ አነሰው’ ተብሎ ይጨመራል። ዳቦው ላይም አለ። ስለዚህ እማዬ ‘እኔ እኮ ጨው አልበላም’ ስትል አልዋሸችም፤ ወጡ ላይ አልጨመረችም። በልታው ያደረችው በርበሬው ውስጥ ያለውን ነው። ለጤነኛ ሰው እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፣ በሁሉም ምግብ ውስጥ ያለው ተደምሮ ማለት ነው።

አሁን ለእሷ በርበሬና ሽሮ ጨው ሳይገባበት ለብቻ አስፈጫለሁ። ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ ጨመር ሳደርግበት ጨው መጉደሉ ብዙም አይታወቅም። ደንበኞች ሰምተው እንዲያው በትእዛዝ ይወስዱ ጀመር፤ ይሄኛው ማስታወቂያ ነው፣ ይቅር በሉኝ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሱፐርማርኬት የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጥ አለ። ብዙው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ለእማዬ በስጦታ አምጥቶልን ነበር፤ ሲስተሯ ቆርቆሮውን ገልብጣ አነበበችና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀረችው።

ስልኩ የጠቀመን ከፋሲካ በኋላ ነው። ሁዳዴን ሙሉ ደህና ነበረች። በዓሉ መጣ፤ የዶሮ ወጥ፣ አይብ፣ በየቤቱ ‘ካልቀመሽማ’። ሚዛኑ ወደ ላይ ወጣ። እማዬ ‘ጾም ስለፈታሁ ወፍሬ ነው’ አለች። ደወልኩ። ሲስተሯ ትንፋሿን፣ ትራሷን፣ ሽንቷን ጠየቀችና ዶክተሩን አነጋግራ መልሳ ደወለች። ላዚክሱ ለጥቂት ቀን ከፍ ተደርጎ እንዲሰጣትና በሳምንቱ ደም እንድትሰጥ ተባለ። ኪሎዋ ተመለሰ፣ አልጋ ሳትይዝ አለፈች። ይህን በራሳችሁ አትሞክሩት፤ ላዚክስ ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል። የምላችሁ፣ የሚያነሳ ስልክ ያለው ክሊኒክ ፈልጉ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኢኮው ሲደገም 42 ሆነ። «አሁንስ አለፍኩ?» አለች። «አልፈዋል፣ ክኒኑን ካቆሙ ግን ይደግማሉ» አላት። ከዚያ ወዲህ ክኒን አትረሳም። ኩራተኛ ናት።

ስለ ልጆቹ ቀንም ልበል። በሳምንት አንድ ከሰዓት የሕፃናት ልብ ሐኪም ትመጣለች። የሄድኩት የጎረቤቴን ጨቅላ ይዘን ነው። ሁለት ወር ሞላው፤ ጡት ይጀምርና ያቋርጣል፣ ግንባሩ ላብ በላብ ይሆናል፣ እንደገና ይጀምራል። ክትባት ላይ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ናት የኪሎው መስመር አለመነሳቱን አይታ ‘ትንፋሹም ይፈጥናል፣ ልብ ይታይ’ ያለችው። እግዜር ይስጣት።

ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው አይታይም። እግሩ አያብጥም፣ ‘ትራስ’ ብሎ አይናገርም። ዳገቱ ጡት መጥባት ነው። ሐኪሟ ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፣ ጉበቱ ከጎድን አጥንቱ በታች ምን ያህል እንደወረደ ዳሰሰች፣ ደም ወደ እግሩ በደንብ መድረሱን በብሽሽቱ አየች። ኢኮ ስታነሳ እናቱን አልጋው ላይ አስቀምጣ እያጠባችው ነው የሠራችው። ሳያለቅስ አለቀ። ማስተኛ መርፌ አልፈለገም።

በሁለቱ የልብ ክፍሎች መሀል ቀዳዳ ተገኘ። ልጁ ልቡ አልደከመም፤ ደሙ በቀዳዳው እያለፈ ሳንባውን ስለሚያጥለቀልቀው ነው የተቸገረው። ሲወለድ ያልታየው፣ የሳንባ ደም ሥሮች ላልተው ደሙ የሚበዛው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ነው። ላዚክስ በኪሎው ተሰልቶ ተሰጠው፣ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ እንዲጠባ ተባለ፣ ክትባቱ እንዳይዘገይ። ትንንሽ ቀዳዳዎች በራሳቸው ይዘጋሉ፤ የእሱ ሰፊ ነውና ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ወዳለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ተላከ። ዶክተር በላይ አበጋዝ ማዕከሉን ያሠራውን የበጎ አድራጎት ድርጅት የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ማዕከሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ። ሕፃናትን በነፃ ያክማል፤ ተራ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ናቸው። ጎረቤቴ ተራ ይዛለች።

መጠበቂያው ላይ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። ከፍ ከፍ ያሉት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላቸው፣ ብዙዎቹ የቁርጥማት ትኩሳት የልባቸውን በር ያበላሸባቸው ናቸው። መነሻው በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ‘ቶንሲል ነው፣ ይተዋል’ የተባለ። በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወስዳሉ፣ ለዓመታት። ልባቸው በጣም ለደከመው መርፌው ሊከብድ ስለሚችል የሚዋጠው ይሰጣቸዋል። አንዲት ወጣት እናትም ነበረች፣ ልጅ ታቅፋ። ታካሚዋ ግን እሷ ናት። ከወለደች በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራት ‘የወሊድ ድካም ነው፣ አጥሚት ጠጪ’ ብለዋት ነበር። እርግዝና ማብቂያና ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ልብ የሚደክምባቸው ሴቶች አሉ። አራስ ቁጭ ብላ ካደረች ዝም አትበሉ።

አሁን ምሬቴ። የልብ ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? ሊፍት አለ፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ለኢኮው እንጂ ለሊፍቱ አይደለም። እማዬ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ በየደረጃው ወንበር እያስቀመጥን ነው ያወጣናት። መጸዳጃ ቤቱ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ቁልፉ ዘበኛው ጋ። ላዚክስ የዋጠ ሰው ሞልቶ ዘበኛ ፍለጋ! ወንበሮቹ መደገፊያ የላቸውም። ክፍያ አንድ መስኮት ነው፤ ለካርድ ትሰለፊያለሽ፣ ለደም ትሰለፊያለሽ፣ ለኢኮ ትሰለፊያለሽ። አንዴ ለምን በአንድ ደረሰኝ አይሆንም ብዬ ጠየቅኩ፤ ‘ሲስተሙ ነው’ ተባልኩ። የኢኮው ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ዶክተሩ ባያስረዳን ኖሮ አጣጥፎ ማስቀመጥ ነበር። ቀጠሮ ሁለት ሰዓት ይሉሻል፣ የምትገቢው አራት ተኩል ነው።

ለሕክምናው ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ። ለሲስተሯ አምስት። ለሕንፃው አንድ፣ እሱንም ዘበኛው ትሁት ስለሆነ።

የምትሄዱ ከሆነ፣ የድሮ ወረቀቶችን ሁሉ ያዙ። የሚወሰደውን መድኃኒት በስም ሳይሆን በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ የባህል መድኃኒት ካለም አትደብቁ፣ ዶክተሩ አይቆጣም። የጠዋቱን የላዚክስ ክኒን መቼ እንደምትውጡ በስልክ ጠይቁ፤ እማዬን ከቤት ሳትወጣ ሳይሆን ስትመለስ እንድትውጠው ፈቅደውላታል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሰው ይቀንሳል። ለልጅ ከሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ሐኪሟ አንዳንዴ ትቀራለች። ስትደውሉም ሊፍቱ ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ አትርሱ። አይናደዱም፣ ለምደውታል።